ከእማማ አልጋ በላይ

ዝናቡ ከሰዓት ጀምሮ አላባራም። መብራቱም ሄደ። ሻማ ይዤ እማማ ክፍል ገባሁ፣ ብርድ ልብስ ላወጣ። ያ አሮጌ ካላንደር ከአልጋዋ በላይ እንደተሰቀለ ነው። ወራቱ ተቀደው ካለቁ ስንት ጊዜው! ሥዕሉን ግን ማንም አላወረደውም። ኢየሩሳሌም ናት፣ ከደብረ ዘይት ተራራ ላይ ስትታይ።

እማማ ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምታየው እሱን ነበር። አማትባ ነው ከአልጋ የምትወርደው። ኢየሩሳሌምን ልሳለም እያለች ስታጠራቅም ኖረች። ገንዘቡ ግን ሌላ ነገር ላይ ዋለ፣ ሳታያት ቀረች።

ሠዓሊው ዴቪድ ሮበርትስ ይባላል። የስኮትላንድ ጫማ ሰፊ ልጅ ነው። ቤት ከመቀባት ተነስቶ ለቲያትር መድረክ መሳል ጀመረ፣ በነሱ አቆጣጠር በ1838 ደግሞ ግብፅ ወረደ። በዓመቱ በግመል ሲናን አቋርጦ፣ የጥንቷን የዓለት ከተማ ፔትራን አይቶ፣ በፋሲካ ሰሞን ኢየሩሳሌም ገባ። ከተሳላሚዎች ጋር ዮርዳኖስ ድረስ ወርዶ ውኃው ውስጥ ሲገቡ ስሏቸዋል። ሥዕሎቹ ከ1842 እስከ 1849 ለንደን ውስጥ ታተሙ፣ ወደ 250 ይጠጋሉ።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ሰው ነው። ሉዊ ሃግ፣ ቤልጅየማዊው። የሮበርትስን ሥዕሎች እያየ ለኅትመት ድንጋይ ላይ የሳላቸው እሱ ነው። ቅባት ባለው እርሳስ ይሳላል። ከዚያ ድንጋዩ በውኃ ይረጥባል፣ ቀለሙም ቅባቱ ያለበትን ቦታ ብቻ ይይዛል። ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ስለሚገለበጥ ድንጋዩ ላይ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ መሳል አለበት። ሃግ ደግሞ ቀኝ እጁ ከልደቱ ጀምሮ ጉዳት ነበረበት። ያን ሁሉ ጉልላት፣ ያን ሁሉ ግንብ የሠራው በግራ እጁ ነው።

በዚያ ጉዞ ላይ አልነበረም። ኢየሩሳሌምን ከሮበርትስ ወረቀት ላይ ነው ያገኛት። እማማም ከወረቀት ላይ ነው ያገኘቻት። ይሄን ሳስብ ሆዴ ባባ። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ ዴር ሡልጣን ትዝ አለኝ፣ ኢየሩሳሌም ጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ያለው የኛ መነኮሳት ገዳም። ሮበርትስ ኢየሩሳሌም ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1838፣ ወረርሽኝ ገብቶ እዚያ የነበሩትን መነኮሶቻችንን ፈጅቷቸዋል። መጻሕፍቶቻቸውም በሽታውን ያዛምታሉ ተብሎ ተቃጠሉ። ስንት ብራና፣ ስንት ዘመን የተጸለየበት! ሮበርትስ በዓመቱ መጥቶ የጎልጎታን በር ሳለ። ከፊቱ የቆመውንም ሰው ሳለ። ሰው ማስገባት ይወድ ነበር፣ የሕንፃው ግዝፈት እንዲታወቅ። የኛዎቹ ግን ያን ጊዜ አፈር ውስጥ ነበሩ።

ሻማውን ወደ ሥዕሉ አስጠጋሁ። የጎልጎታን ጉልላት በጣቴ ፈለግኩት። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ እዚያ አካባቢ ደግሞ ትንሽ ተልጧል። የጣት ምልክት ይመስላል። እማማ ትሆን? ሁልጊዜ እየነካች ትሳለመው የነበረው ይሄን ቦታ ነው? ጣሪያው ላይ የኛ ሰዎች እንዳሉ ታውቅ ነበር? ስንት ዓመት አንድ ቤት ኖረን አንድም ቀን አልጠየቅኳት።