ሁለት ሚስማር በመጥረጊያ እንጨት ላይ

ነሐሴ ከገባ ጀምሮ ቅዳሜ 11 ሰዓት ላይ ስልኬ ይጠራል። እዚህ ጅማ ዝናቡ ከጅሬን በኩል ወርዶ የወርክሾፔን ቆርቆሮ የሚደበድብበት ሰዓት ነው፤ የእህቴ ልጅ በሚኖርበት በአሜሪካ፣ በኮሎራዶዋ አውሮራ ግን ገና ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። እርሱ ቡናውን ይዞ የተኩስ መለማመጃው በር ላይ ቆሟል፤ እኔ የብየዳ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እለጥፋለሁ። «ጋሼ፣ ዛሬም ዝቅ ብሎ ወደ ግራ ነው የሚመታው» ይለኛል። ሰላምታው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ልጁ አምና አንድ አሮጌ ጠመንጃ ገዝቷል። ከኋላው ጥይት የሚገባበት ዓይነት አይደለም፤ በአፈሙዙ የሚጎርስ ነው። ባሩዱ ተለክቶ ከላይ ይፈስሳል፤ ድቡልቡሉ እርሳስ በቅባት የራሰ ጨርቅ ለብሶ በአፉ ይገባና በዘንግ እስከ ታች ይጠቀጠቃል፤ በመጨረሻ እሳት የምትለኩሰዋ ትንሽ የመዳብ ቆብ በቦታዋ ትደረጋለች። አንድ ጉርሻ፣ አንድ ተኩስ። ኮሎራዶ ውስጥ በእኛ መስከረም መግቢያ ሰሞን እንዲህ ባለው ጠመንጃ ብቻ ለሚያድኑ ሰዎች የራሳቸው ዘጠኝ ቀን ይሰጣቸዋል። ፈቃዱ በዕጣ ነው። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ጠመንጃው ላይ መግጠም ክልክል ነው። ዘንድሮ ዕጣው ለልጁ ወጣለት፤ የቀረው ዓይኑንና ሁለት ቁራጭ ብረቶችን ማስማማት ብቻ ሆነ። «አንተ ብረት ታውቃለህ» አለኝ። ብረት አውቃለሁ፤ በር፣ መስኮትና የውሃ ታንከር ማቆሚያ እሠራለሁ። ጠመንጃ ግን በዕድሜዬ ተኩሼ አላውቅም።

በቤታችን የነበረው የአያቴ ጠመንጃም ለምክር የሚሆን አልነበረም። ሰቃ በኩል፣ ከቡናው ማሳ አጠገብ ከነበረው ቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው የማውቀው። እርሱም በአፉ የሚጎርስ ነበር። በበቆሎ እሸት ወቅት ከማማው ላይ ሆነው ከርከሮና ዝንጀሮ ያስደነግጡበታል፤ እርሳስ አያስገቡበትም፣ ባሩድ ብቻ። የፊት ማነጣጠሪያው ተነቅሎ ከጠፋ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ማንም አያስታውስም ነበር፤ ይጠገን ያለ ሰውም አልሰማሁም። ለሚጮህ ነገር ማነጣጠሪያ ምን ያደርግለታል? ለእኛ ለልጆቹ ትልቁ ጉዳይ ጭሱ ነበር። ነጭና ወፍራም ሆኖ በበቆሎው አናት ላይ ተንሳፍፎ ይቆያል፤ ሽታው እስከ ጎረቤት ይደርሳል።

ሳስበው ስሙን እንኳ አላውቀውም። ቀረርቶው የሚያሞግሳቸው ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ ሁሉም ከኋላ የሚጎርሱ ናቸው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ አጠገብ አሮጌ በተባለው ቦታ የአፄ ቴዎድሮስ ወታደር በአፈሙዝ እያጎረሰ ሲተኩስ፣ ፊት ለፊቱ የቆመው እንግሊዛዊ በያዘው ስናይደር ከኋላ ያጎርስ ነበር። እኛም የጠላትን ጠመንጃ ስም «ሰናድር» ብለን ቋንቋችን ውስጥ አስቀረነው። የራሳችን ወገን የያዘው ግን ነፍጥ ተብሎ ብቻ ቀረ። ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ወደ ልጁ ልመለስ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ እርሳስና ወረቀት አውጥቼ ሒሳቡን ሠራሁ። ሁለቱ ማነጣጠሪያዎች፣ የኋላው መሃሉ የተጎደጎደውና የፊቱ ጫፍ፣ በ60 ሳንቲ ሜትር ይራራቃሉ። ዒላማው 45 ሜትር ላይ ነው። አንዱ ለሌላው ሲካፈል 75 ይመጣል። ስለዚህ ጠመንጃው ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ያነቃነቅከው ነገር ዒላማው ላይ ሰባት ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። ልጁ 12 ሳንቲ ሜትር ዝቅ፣ 9 ሳንቲ ሜትር ወደ ግራ ነው የሚመታው። እኔ በየቀኑ በካሊፐር የምለካው ዓይነት ቁጥር ነው፤ ደስ አለኝ። ዝቅ የሚለው የፊቱ ጫፍ ስለረዘመ ነው። ረጅሙን ጫፍ ከኋላው ጉድጓድ ጋር ለማስተካከል አፈሙዙን ወደ ታች መድፋት ግድ ይላል። ሠሪዎቹም ሆን ብለው አስረዝመው ይተዉታል፤ ባለቤቱ ሞርዶ እንዲያሳጥረው። በአንድ ነገር ብቻ አጥብቄ አስጠነቀቅሁት፦ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሞርድ፣ ተኩስ፣ ተመልከት። ሞረድ የወሰደውን አይመልስም።

የግራና ቀኙን ግን እኔ ራሴ አበላሸሁት። የኋላውን ማነጣጠሪያ በናስ ዘንግና በመዶሻ ቀስ እያደረጉ ነው የሚገፉት፤ ወዴት እንደሚገፋ ሲጠይቀኝ ሳላስብ «ወደ ግራ» አልሁት። ተኮሰ። 9 የነበረው 18 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ሕጉ ቀላል ነው፤ የኋላው ማነጣጠሪያ የሚገፋው ምቱ እንዲሄድ ወደምትፈልገው አቅጣጫ ነው፣ የፊቱ ደግሞ በተቃራኒው። እኔ የፊቱን ሕግ ለኋላው ሰጠሁት። ልጁ አልተቆጣም፤ «ቢያንስ ሒሳቡ ልክ እንደነበር አረጋገጥን» ብሎ ሳቀ። ሠላሳ ዓመት ብረት ቀጥቅጬ በዚህ መሳሳቴ ሌሊቱን አላስተኛኝም።

በማግስቱ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ የመጥረጊያ እንጨት ወሰድሁና በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሁለት ሚስማር መታሁበት። የኋላውን ሚስማር አናቱን በመጋዝ ጎደጎድሁት። እንጨቱን የበረንዳው መከለያ ላይ አስደግፌ አጥሩ ጥግ ያለው የአቮካዶ ዛፍ ላይ የሰቀልሁትን ነጭ የባልዲ ክዳን አነጣጠርሁ። የወዴት ግፋው ጉዳይ በአንድ ደቂቃ ገባኝ። ያላሰብሁት ሌላ ነገር ግን እዚያ ጠበቀኝ። የማንበቢያ መነጽሬን ሳደርግ የፊቱ ሚስማር ዝገቱ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል፤ ክዳኑ ግን ጭጋግ ይሆናል። መነጽሬን ሳወልቅ ክዳኑ ይጠራል፣ ሚስማሩ ሁለት ይሆናል። የኋላው ጉድጓድ በሁለቱም ጊዜ ደብዛዛ ነው። ዕድሜዬ 53 ስለሆነ ነው ብዬ የሥራ ረዳቴን ጠራሁት፤ ገና 19 ዓመቱ ነው። እርሱም አንዱን ሲያጠራ ሌላው ይጠፋበታል፤ የእርሱ ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚፈጥን ብቻ ሁሉንም ያየ ይመስለዋል። ዓይን በአንድ ጊዜ የሚያጠራው አንድ ርቀት ብቻ ነው።

ማታውኑ ለልጁ ጻፍሁለት፦ ስትተኩስ የምታየው ምንድን ነው? «ዒላማውን ነዋ» አለኝ። እዚያ ላይ ነበር ትልቁ ችግር። መጥራት ያለበት የፊቱ ጫፍ ነው፤ ዒላማው ትንሽ ቢደበዝዝ አይጎዳም። ዒላማው ላይ ካፈጠጥህ ግን ጫፉ ሳታውቀው ይንሸራተታል፤ የአንድ ሚሊ ሜትር ዋጋ ደግሞ አስልተነዋል። ነገሩ ከሰው ተፈጥሮ ጋር ይጋጫል። የምትፈልገውን ነገር ትተህ በእጅህ የያዝኸውን ብረት ማየት ቀላል አይደለም። እኔ በመጥረጊያ እንጨት እንኳ፣ ምንም በማይሞትበት፣ ዓይኔ እያመለጠኝ ወደ ክዳኑ ይሮጥ ነበር።

በዚህ መሃል ጎረቤቴ ሐጂ በአጥሩ በኩል አዩኝ። ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ምንም አያመልጣቸውም። «አንተ ሰው፣ ዝንጀሮ መጣ እንዴ?» አሉኝ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 መጥረጊያን አይመለከትም ብዬ አሳቅኋቸው። ነገሩን ስነግራቸው ግን ስለ ጠመንጃው አልጠየቁኝም፤ ስለ ሥጋው እንጂ። እርሳቸው ዘንድ አዳኝ ሲተኩስ የፈጣሪን ስም መጥራት አለበት። እህቴ በበኩሏ «በባራኪ ያልታረደ ቤቴ አይገባም» ብላ አስቀድማ አስታውቃለች። ልጁ ከእናቱና ከሐጂ መካከል ሳይበላው የሚቀር ሥጋ ለማደን መሄዱ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ቅዳሜ ሌላ ጉድ አመጣ። አሁን ዓይኑ ተስተካክሎ፣ ጥይቶቹ ግን ይበታተናሉ። የመጀመሪያው ልክ፣ ሁለተኛው ከፍ፣ አራተኛው ጭራሽ ከወረቀቱ ውጭ። እኔ ወዲያው ሞረድ ልል አፌን ስከፍት፣ አጠገቡ የነበሩ ነጭ ጢማም ሽማግሌ አንድ ጥያቄ ጠየቁት፦ በየተኩሱ መካከል ቧንቧውን ትወለውላለህ? አይወለውልም ነበር። የባሩድ ጥላሸት ቧንቧው ውስጥ ይጋገራል፤ እየተደራረበ ሲሄድ እርሳሱ አወራረዱም አወጣጡም ይለወጣል። ከዚያ ወዲያ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በረጠበ ጨርቅ፣ ቀጥሎ በደረቅ ጨርቅ ይወለውል ጀመር። ባሩዱንም ከያዘበት ቀንድ በቀጥታ ሳይሆን በትንሽ መስፈሪያ ብቻ ያፈስሳል፤ ቧንቧው ውስጥ የቀረ ፍም ቢኖር እጁ ላይ ያለው ባሩድ ሁሉ ይነሣል። መጠቅጠቂያው ዘንግ ላይ ምልክት አደረገ፤ ምልክቱ ከአፈሙዙ ጋር ካልገጠመ እርሳሱ ባሩዱ ላይ አልተቀመጠም ማለት ነው፤ በመካከል ክፍተት ካለ ቧንቧው ሊፈነዳ ይችላል። ለጨርቁ አቡጀዲ እንዲፈልግ የመከርሁት እኔ ነኝ። ከምክሮቼ ሁሉ ሳይታረም ያለፈው እርሱ ብቻ ነው።

እኔ የተማርሁት ግን ሌላ ነው። የእኔ ሥራ ጠማማ ሲታይ ወዲያው የሚቃና ነው። ማጠፊያው ከዘመመ ትመታዋለህ፣ አለቀ። ሽማግሌው ግን ልጁን ሦስት ሳይተኩስ ሞረዱን እንዳይነካ ከለከሉት። አንድ ቀዳዳ ወሬ ነው፣ ምስክር የሚሆነው ሦስቱ ተሰባስበው ሲገኙ ነው። አንዱን ጥይት ተከትዬ ባስሞርደው ኖሮ ጥላሸቱን ለማስተካከል ብረቱን እናጠፋው ነበር። ካሊፐሬን ይዤ እዚህ ቁጭ ብዬ ስንት ሚሊ ሜትር በከንቱ እንዳሰላሁ ሳስብ አፍራለሁ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሦስቱ ቀዳዳዎች አንድ የቡና ሲኒ አፍ ውስጥ ገቡ። የሞረደው በድምሩ አንድ ነጥብ ሦስት ሚሊ ሜትር ነው፤ ካሰላሁት ያነሰ፣ የቀረውን ዓይኑ አስተካከለው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጠዋት ሄዶ አንድ ብቻ ይተኩስ ነበር፤ ከንጹሕና ከቀዝቃዛ ቧንቧ። አደን ላይ የሚገኘው ያቺ የመጀመሪያዋ ብቻ ናትና።

መስከረም ገባ። እዚህ ዝናቡ አላባራም፣ አደይ ግን መንገዱን ሞልቷል። ልጁ ወደ ተራራው ወጣ። የሚያድነው ጆሮው እንደ በቅሎ የረዘመ አጋዘን ነው፤ ስሙም የወጣለት ከጆሮው ነው። ዘጠኙ ቀን ሊያልቅ ሲል በስምንተኛው ማታ አንዱን አገኘው፤ ርቀቱ 90 ሜትር ያህል። ጠመንጃውን አነሣ፣ የፊቱን ጫፍ አጠራ፣ የአጋዘኑ ደረት ከጫፉ ጀርባ ጠፋ። ሁለት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ብረት፣ ከዓይን 90 ሳንቲ ሜትር ላይ ሆኖ፣ በዚያ ርቀት 20 ሳንቲ ሜትር ይሸፍናል። ብርሃኑም እየሄደ ነበር። «ጫፉ የት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ከጫፉ ጀርባ ምን እንዳለ ግን አላውቅም» አለኝ። ጠመንጃውን አወረደው። አጋዘኑ ትንሽ ቆሞ ጆሮውን አዞረና ዛፎቹ ውስጥ ገባ።

የጎረሰ ጠመንጃ ደግሞ በኋላ በኩል አይተፋም። በዘጠነኛው ቀን ማታ አንድ የአፈር ቁልል ላይ ተኩሶ ባዶ አደረገውና ቤት ገባ። ሌሊቱን እህቴ ደወለች። ልጇ በማንቆርቆሪያዋ ውሃ አፍልቶ ቧንቧውን በሳሙና እያጠበ ነው፤ ጥላሸቱ እርጥበት ስለሚስብ ካደረ ብረቱን ይበላዋል። ቤቱ ሁሉ የበሰበሰ እንቁላል ሸቷል። «ለልጄ ያስተማርኸው ይህንን ነው?» አለችኝ። የድኝ ሽታ መሆኑን፣ መስኮት ብትከፍት እንደሚወጣ ነገርኋት። ሥጋ የለም ወይ ብዬ ስጠይቃት ግን ዝም አለችና «የለም፣ ተመስገን» አለች።

ስልኩን ዘግቼ ስወጣ ባለቤቴ በረንዳ ላይ መጥረጊያውን ይዛ ቆማለች፤ ሚስማሩ የበሩን ቀለም ጭሮታል። «ይኼን ነገር መቼ ነው የምትነቅለው?» አለችኝ። ፒንሳ ላመጣ ገባሁ።