የተፈቀደ ሁሉ አያጠግብም

ካርቦሃይድሬት መቀነስ ከጀመርኩ ወዲህ ሰዎች የሚጠይቁኝ ስለተውኩት ነገር ብቻ ነው። ዳቦ ተውሽ? ሩዝም? ፓስታም? ድንችስ? አዎ ባልኩ ቁጥር ሐዘን የደረሰብኝ ይመስል ከንፈራቸውን ይመጣሉ። በተውኩት ምትክ ምን እንደምበላ የሚጠይቅ ግን የለም ማለት ይቻላል። ባለፈው ሳምንት ታላቅ እህቴ ስልክ ደውላ፣ «ለመሆኑ ጠግበሽ ታድሪያለሽ ወይ?» አለችኝ። እስካሁን ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ የተሻለው ይህ ስለሆነ፣ በጥድፊያ የመለስኩላትን ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልጽፈው።

«አዎ እትዬ፣ ጠግቤ ነው የማድረው» ብያታለሁ፤ እውነቴንም ነው። ነገር ግን የተፈቀደልኝ ምግብ ሁሉ አያጠግበኝም። የአመጋገብ ዝርዝሮች ምግብን የሚበላና የማይበላ ብለው ለሁለት ይከፍሉታል። በሚበላው ወገን እንቁላል፣ ዓሣ፣ አይብ፣ ለውዝ፣ ክሬምና ጎመን እኩል ማዕረግ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ሁሉም ካርቦሃይድሬታቸው አነስተኛ ነውና። ሆዴ ግን ይህን እኩልነት አይቀበልም። ጠዋት እንቁላል በጎመን በልቼ ከወጣሁ እስከ ቀትር የምግብ ነገር ትዝ አይለኝም። ያንኑ ያህል ካሎሪ ያለው ለውዝ የበላሁ ዕለት ግን ገና ረፋዱ ላይ ዓይኔ የሚቀመስ ነገር ፍለጋ ይንከራተታል። ስለዚህ ዝርዝሩን ሳልጥል በላዩ ላይ የራሴን መለኪያ ጨመርኩበት፤ አጥጋቢ የምለው ምግብ ከበላሁት በኋላ ለአራት ሰዓት ያህል ስለ ምግብ ማሰብ የሚያስተወኝን ነው። ጣዕሙ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

በዚህ መለኪያ ከፊት የሚሰለፉት ፕሮቲን የበዛባቸው ናቸው። አንድ ትልቅ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ካሎሪው ከ70 ብዙም አያልፍም፣ ካርቦሃይድሬቱ አንድ ግራም አይሞላም። 100 ግራም የበሰለ፣ ቆዳው የተገፈፈ የዶሮ ደረት ሥጋ ደግሞ 31 ግራም ያህል ፕሮቲን በ165 ካሎሪ ይሰጣል። በዚያ ላይ ሰውነት ፕሮቲንን ለመፍጨትና ለማዋሃድ ከራሱ ከፕሮቲኑ ጉልበት ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነውን ያወጣበታል። ለካርቦሃይድሬት የሚያወጣው ከ5 እስከ 10 በመቶ፣ ለስብ ቢበዛ 3 በመቶ ነው። ስቲቨን ሲምፕሰንና ዴቪድ ሮበንሃይመር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2005 ያቀረቡት አንድ መላምት አለ፤ ሰው የሚበላው የፕሮቲን ፍላጎቱ እስኪሟላ ድረስ ነው፣ ምግቡ በፕሮቲን የሳሳ ከሆነ ጉድለቱን ለመሙላት ሲል ስቡንና ስኳሩን አብዝቶ ይበላል ይላሉ። መላምት መሆኑን አልረሳሁም። ሆኖም ብስኩት ሲሆን ማሸጊያው ባዶ እስኪቀር የማያቆም እጅ፣ ዓሣ ሲሆን ሳህኑ ሳያልቅ ለምን እንደሚያርፍ ከዚህ የተሻለ ያስረዳኝ አላገኘሁም።

ባነበብኩት ቁጥር የሚያስቀኝ ጥናት ደግሞ አለ። በ1995 ሱዛና ሆልትና ባልደረቦቿ በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ 38 ምግቦችን አወዳደሩ። ከእያንዳንዱ 240 ካሎሪ ያህል ለሰዎች እየሰጡ፣ ለሁለት ሰዓት በየ15 ደቂቃው ምን ያህል እንደጠገቡ ጠየቋቸው። ነጭ ዳቦ 100 ተብሎ መነሻ ሲሆን እንቁላል 150፣ የበሬ ሥጋ 176፣ ዓሣ 225 አገኘ። እስከዚህ ድረስ የእኔ ዝርዝር በኩራት ሊያነበው ይችላል። አንደኛ የወጣው ግን 323 ያገኘው የተቀቀለ ድንች ነው፤ ከማዕዴ ከሁሉ በፊት የተሰረዘው ድንች! ያው ድንች በዘይት ተጠብሶ ሲቀርብ ወደ 116 ይወርዳል። ክሩዋሳን 47 ይዞ መጨረሻ ወጣ። ዝርዝሬ የሚፈቅደው ለውዝ ደግሞ 84 አገኘ፤ ከነጭ ዳቦ በታች። ረፋዱ ላይ የሚንከራተተው ዓይኔ ምክንያት ነበረው ማለት ነው።

ከዚያ ጥናት ለራሴ የወሰድኩት ካርቦሃይድሬት መቁጠር ብቻውን ስለ ጥጋብ ምንም እንደማይነግረኝ ነው። የተቀቀለ ድንች ያሸነፈው በውሃው፣ በክብደቱና በጨጓራ ውስጥ በሚይዘው ቦታ ነው። እነዚህን ደግሞ ከድንች ሌላ ቦታም ማግኘት ይቻላል። ጥቅል ጎመን በ100 ግራም 25 ካሎሪ ያህል ብቻ አለው። ኪያር 95 በመቶው ውሃ ነው። እንጉዳይ፣ ዝኩኒ፣ አበባ ጎመን፣ ስፒናች ሁሉም የዚያው ቤተሰብ ናቸው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል ሲሆን፣ በዚያው ካሎሪ ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጎመን ይበላል። ይህን ስሌት ካወቅሁ በኋላ የሳህኔ ግማሽ አረንጓዴ ሆነ። ቀድሞ አትክልት ከሥጋው ጎን ለወግ የምትቀመጥ ጌጥ ነበረች፤ አሁን ያለ እሷ ሥጋው ብቻውን እንደማያዘልቀኝ አውቄያለሁ።

ሾርባ ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። በፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባርባራ ሮልስ በ1999 ከባልደረቦቿ ጋር ባወጣችው ጥናት፣ ያው ምግብ በሾርባ መልክ ሲቀርብ ሴቶቹ ቀጥሎ በመጣው ምግብ ላይ የበሉት መጠን ቀነሰ፤ ያንኑ ውሃ ከምግቡ ጎን በብርጭቆ ሲጠጡት ግን ለውጥ አላመጣም። ውሃው ከምግቡ ጋር ተዋህዶ ሲገባ ነው የሚሠራው። እኔ ማታ ማታ ዶሮና ጎመን በመረቅ ቀቅዬ እጀምራለሁ፤ ትኩስ ስለሆነም ቀስ ብዬ እንድበላ ያስገድደኛል። ጥጋብ ከሆድ ወደ አንጎል የሚደርሰው ዘግየት ብሎ ነውና፣ ምላስ የሚያቃጥል ሾርባ ከማንኛውም ምክር የበለጠ ያረጋጋኛል።

አሁን ወደ ስብ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የማይስማማኝ እዚህ ላይ ነው። «ስብ አትፍሪ፣ ስብ ያጠግባል» የሚል ምክር በየአቅጣጫው እሰማለሁ። ስብ ምግብን በጨጓራ ውስጥ እንደሚያቆየው አልክድም። ነገር ግን አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ሲይዝ ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት ለየራሳቸው 4 ብቻ ናቸው። በክሬም የተሞላ ኩባያ ጠጥቼ ጠገብኩ ያልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ ጠጥቼው ከዚያ በኋላ ደግሞ ምሳ በልቻለሁ። ክብደት መቀነስ ለሚፈልግ ሰው፣ በወገቡ ላይ የተከማቸውን ስብ ሊያነድ ተነስቶ ሌላ ስብ በማንኪያ መጨመሩ ለእኔ ስሜት አይሰጠኝም። ስብን የምፈልገው ለጣዕም ነው። ጎመን ያለ ቅባት ቅጣት ነው፤ ትንሽ ቅቤ ወይም የወይራ ዘይት ሲገባበት ምግብ ይሆናል። አቮካዶ ከዚህ ደንብ ትንሽ ወጣ ይላል፤ በ100 ግራም 160 ካሎሪ ቢኖረውም ወደ 7 ግራም የሚጠጋ ፋይበር አለው፣ ግማሹን ከእንቁላል ጋር ስበላው በእርግጥ ያቆየኛል። አይብንና ለውዝን አልጠላም፤ እንዲያውም ጠንቅ የሆነብኝ መውደዴ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ተመጥነው ሳህን ላይ ይመጣሉ እንጂ ከቁም ሣጥኑ አጠገብ ቆሜ አልበላቸውም።

ምስርና ባቄላ ላይ ከጥብቅ ወገኖች ጋር ተለያይቻለሁ። 100 ግራም የበሰለ ምስር 20 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው፤ ከዚያ ውስጥ 8 ግራሙ ፋይበር ነው፣ በላዩም 9 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። በቀን ከ50 ግራም በታች ካርቦሃይድሬት ለሚወስን ሰው ምስር ውድ ነው። ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት የሚባለው አመጋገብ ግን በብዙዎች ዘንድ ከ130 ግራም በታች የሆነውን ሁሉ ያካትታል፤ በዚያ ወሰን ውስጥ ምስር እንደ ልብ ይገባል። እኔ ሰፊውን ወሰን መርጫለሁ። ምስርን ያህል የሚያጠግብ ነገር ከልክሎ ክሬምን የሚፈቅድ ደንብ ለእኔ ሆድ የተጻፈ አይደለም።

«ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት» ተብሎ የሚሸጠውን ብስኩት፣ ቸኮሌትና የታሸገ ጣፋጭ በአጭሩ ልለፈው፤ አያጠግብም። ብዙዎቹ የሚጣፍጡበት እንደ ማልቲቶል ያለ ንጥረ ነገር ሲበዛም ሆድ ይነፋል፣ ተቅማጥ ያመጣል። በ2019 ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም 20 ሰዎችን አስገብተው፣ ሁለት ሳምንት እጅግ የተቀነባበረ የፋብሪካ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ እስኪበቃቸው እንዲበሉ አደረጉ። የቀረበላቸው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ስብና ፋይበር ተመጣጣኝ ነበር። ሆኖም በፋብሪካው ምግብ ወቅት በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ፤ ፈጥነውም በሉ። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ዝቅ ማለቱ ይህንን ጠባይ ይለውጠዋል ብዬ አላምንም።

ስለ መጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር መጻፍ አለብኝ፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚያገኘውም ተስፋ የሚቆርጠውም እዚያ ላይ ነው። ሚዛኑ በፍጥነት ይወርዳል፣ ልብም ይሞላል። የሚወርደው በአብዛኛው ውሃ ነው። ጉበትና ጡንቻ ግላይኮጅን የተባለ የስኳር ክምችት አላቸው፤ በአማካይ ሰው 500 ግራም ቢደርስ ነው፣ እያንዳንዱ ግራም ግን 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ክምችቱ ሲያልቅ ውሃውም ይሄዳል፤ ዳቦ ሲመለስ ውሃውም ይመለሳል። በዚያው ሳምንት ራሴን አመመኝ፣ እግሬም ዛለ። ኢንሱሊን ሲቀንስ ኩላሊት ጨውና ውሃ አብዝቶ ስለሚያስወጣ ይህ የተለመደ ነው፤ ጨው ያለው መረቅ አሻለኝ። የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ጨው በራሱ ውሳኔ አይጨምር። የስኳር መድኃኒት፣ በተለይ ኢንሱሊን፣ የሚወስድም ካርቦሃይድሬት ከመቀነሱ በፊት ሐኪሙን ያነጋግር፤ የመድኃኒቱ መጠን ካልተስተካከለ ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል።

ይህ ሁሉ ሲባል፣ ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት ከሌላው ሁሉ ይበልጣል እያልኩ አይደለም። በ2018 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ክሪስቶፈር ጋርድነርና ባልደረቦቹ 609 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትለው ነበር፤ ግማሾቹ ስብ፣ ግማሾቹ ካርቦሃይድሬት ቀነሱ። ስብ የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6 ኪሎ ጣሉ፤ ልዩነቱ ከአጋጣሚ የሚያልፍ አልነበረም። ሁለቱም ወገኖች አትክልት እንዲያበዙ፣ የተጨመረ ስኳርና የተፈተገ ዱቄት እንዲተዉ ተነግሯቸው ነበር። እኔ ይህኛውን መንገድ የያዝኩት እንቁላልና ዓሣ ስለሚያጠግቡኝ፣ ዳቦ ደግሞ ዳቦን ስለሚያስጠራኝ ነው። እህቴ በተቃራኒው በድንችና በባቄላ ጠግባ የምትውል ሰው ናት፤ እሷን ወደ እኔ ሳህን ልጎትታት አልሞክርም። ብትጠይቀኝ የምነግራት ፕሮቲኑን እንዳትረሳ ብቻ ነው።

ጣዕሙን በኋላ እመጣበታለሁ ብዬ ነበር። የሚያጠግበኝ ምግብ አሁን በአብዛኛው የሚጣፍጠኝም ሆኗል፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ቃሪያ ያልታደጉት አትክልት እምብዛም የለም። አበባ ጎመን ምድጃ ውስጥ እስኪጠቁር ሲጠበስ ሩዝን አያስናፍቅም። ከእራት በኋላ ጣፋጭ ያሰኘኝም ነበር፤ ያልጣፈጠ እርጎ ከጥቂት እንጆሪ ጋር ያንን አስታግሶልኛል። መፍትሔ ያላገኘሁለት አንድ ብቻ ነው፤ በጥርስ ሲነከስ ድምፅ የሚሰጥ፣ ጨው ያለው፣ ማታ ተቀምጠው የሚቆረጣጥሙት ነገር። ሴለሪ ሞክሪ የሚሉኝ አሉ። ሞክሬዋለሁ፤ ሴለሪ ያንን አይተካም፣ ይተካል የሚሉኝም ጥብስ ድንች በልተው የሚያውቁ አይመስለኝም።