ባጁ እኔ ጋ፣ ጨረሩ እህቴ ጋ

እኔ ሀዋሳ ኤክስሬይ ክፍል ነው የምሰራው፣ ደረቴ ላይ ሁሌ ባጅ አለ፣ የወሰድኩት ጨረር በየጊዜው ከሱ ተነቦ ይመዘገባል። ታናሽ እህቴ ደግሞ ሆስተስ ናት። ማዘር "አንተ ልጅ ከዛ ማሽን ራቅ በል" የምትለው ለኔ ነው፣ ግን እኔ ጨረር ከሚከልል የሊድ ግድግዳ ጀርባ ቆሜ ነው ቁልፉን የምጫነው፣ እሷን ግን ከሰማይ ከሚመጣው ኮስሚክ ጨረር የአውሮፕላኑ ቆርቆሮ አያስጥላትም።

ኮስሚክ ጨረር ከጠፈር ነው የሚመጣው። ቪክቶር ሄስ የሚባል ሳይንቲስት እ.ኤ.አ በ1912 በባሉን ከ5 ኪሎሜትር በላይ ወጥቶ ለካውና ከፍታ ሲጨምር ጨረሩም እንደሚጨምር አረጋገጠ። መሬት ላይ ያለነውን አየሩ ይከልለናል፣ 11 ኪሎሜትር ላይ ግን አብዛኛው አየር ከታች ቀርቷል። መስመሩም ለውጥ አለው፣ ምድር ወገብ አካባቢ የመሬት ማግኔት ብዙውን ስለሚመልሰው ናይሮቢ ስትበር በሰዓት ከ2 እስከ 3 ማይክሮሲቨርት (ሲቨርት የጨረር መለኪያ ነው፣ 1000 ማይክሮ 1 ሚሊ ነው) ገደማ ነው፣ ወደ ሰሜን አውሮፓና አሜሪካ ሲሆን 5 እና ከዛ በላይ ይገባል።

የበረራ ሰራተኛ በዓመት ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ሚሊሲቨርት ያገኛል፣ ይሄ ከአብዛኞቻችን ከኤክስሬይ ሰዎች ይበልጣል። ግን አትደንግጡ፣ ለሰራተኛ የሚመከረው ገደብ በአማካይ በዓመት 20 ነው፣ አልፎ አልፎ ለሚበር ተሳፋሪማ ጭራሽ ሀሳብ አይደለም።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ እርግዝናው ነው። ለጽንሱ የሚመከረው ገደብ እርግዝናው ለአሰሪ ከተነገረ በኋላ 1 ሚሊሲቨርት ማለትም 1000 ማይክሮሲቨርት ብቻ ነው፣ በሰዓት 5 ብላችሁ አስቡት፣ በ200 ሰዓት አለቀ፣ ረጅም መስመር ላይ በወር 80 ሰዓት የምትበር ልጅ ሦስት ወር ሳይሞላት ትጨርሰዋለች! እህቴ አግብታለች፣ መውለድም ትፈልጋለች። አሞራ ገደል አሳ እየበላን ስነግራት እሾሁን መልቀም ትታ "እንዲህ በሰዓት ከፋፍሎ የነገረኝ ሰው የለም እኮ" አለችኝ።

ለበረራ ሰው ደግሞ ባጅ የግድ አይደለም፣ መስመሩ፣ ከፍታውና ቀኑ ከታወቀ በኮምፒውተር ይሰላል፣ የአሜሪካው የአቪዬሽን መስሪያ ቤት ኤፍኤኤ ለዚህ ካሪ የሚባል ፕሮግራም አለው። አውሮፓ ህብረት እ.ኤ.አ በ1996 ባወጣው መመሪያ አየር መንገዶች የሰራተኞቻቸውን መጠን እንዲገመግሙ አድርጓል።

ሆስተስ የሆናችሁ እህቶቼ፣ የበረራችሁበትን መስመርና ሰዓት ደብተር ላይ ያዙ፣ ማርገዛችሁን እንዳወቃችሁ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ አሳውቁ፣ ገደቡ መቆጠር የሚጀምረው ከዛ ቀን ነው።