ተልባ በየቀኑ፦ ሰባተኛ ሳምንት ላይ ነን

ሰላም ቤተሰብ፣ ሁዳዴ ሲገባ ቤታችን ውስጥ ተልባ በየቀኑ አስገባለሁ ብዬ ነበር አይደል፣ ይኸው ሰባተኛ ሳምንት ያዝኩ አልተውኩም። ተልባ ለኛ አዲስ አይደለም፣ በጾም በማር ተበጥብጦ እየጠጣን ነው ያደግነው፣ ግን ልጆቼ በብርጭቆ ሲያዩት ፊታቸውን ያዞራሉ፣ ለዛ ነው ምግብ ላይ የጀመርኩት።

መጀመሪያ ከእህል በረንዳ 2 ኪሎ ገዛሁና ሁሉንም ባንዴ አስፈጭቼ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ። በሦስተኛው ሳምንት ክዳኑን ስከፍት አዲስ ቀለም የተቀባ በር ሸተተኝ፣ ብቀምሰው መራራ። ቅባቱ ብዙ ስለሆነ አንዴ ከተፈጨ አየርና ሙቀት ቶሎ ያበላሹታል፣ የሰዓሊዎች የዘይት ቀለም የሚበጠበጠውም በተልባ ዘይት ነው ለካ። ደፋሁት፣ አንጀቴ ነው ያረረው። ሳይፈጭ ደሞ ጥቅሙ ያንሳል፣ ፍሬው አብዛኛው እንደገባ ነው የሚወጣው።

ከዛ እሁድ አራት ኪሎ እማዬ ጋ ሄድኩ። በሰፌድ አበጥራ አሸዋውን ለየችና ምጣድ ላይ በዝግታ እሳት አደረገችው፣ መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ቆይቶ ጣ ጣ ጣ እያለ ይዘላል። "ድምፁ በረድ ሲል አውጪው፣ ካረረማ መራራ ነው የምትበይው" አለችኝ። አሁን የሳምንቱን ብቻ አምሼ ሲቀዘቅዝ በቡና መፍጫው ቆም እያረኩ እፈጨዋለሁ፣ ዝም ብላችሁ ካስኬዳችሁት ይሞቅና ዘይቱ ወጥቶ ጎኑ ላይ ይለጠፋል። ከዛ በጠርሙስ ፍሪጅ።

ምግቡን በተመለከተ፣ ቂንጬ ላይ አንደኛ ነው፣ በሶም ላይ አይታወቅም። ሽሮ ላይ ግን ገና ሲንተከተክ ጨመርኩትና ተዝለገለገ፣ ትልቁ ልጄ በእንጀራው አንስቶ ክሩን እያሳየኝ "እማ ይሄ ምንድነው?" አለኝ። አሁን ከእሳት ካወጣሁ በኋላ ነው ትንሽ ጣል የማረገው። የወደዱት የእማዬን የተልባ ፍትፍት ነው፣ ተልባው በውሃ ተበጥብጦ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ከዛ ደረቅ እንጀራ፣ ትሪው ተጠርጎ ነው የተመለሰው። ለጾም ፓንኬክ ደሞ 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 ማንኪያ ውሃ አርሳችሁ 10 ደቂቃ ተዉት፣ ያንድ እንቁላል ቦታ ይሸፍናል።

መጠኑን ቀስ በሉ በጣም። አንድ የሾርባ ማንኪያ 7 ግራም አካባቢ ነው፣ 2 ግራም የሚሆነው ፋይበር ነው፣ እኔ ባንዴ ሁለት ማንኪያ ጀምሬ ሆዴ ተነፍቶ ከረመ። በሻይ ማንኪያ ጀምሩ፣ ውሃ ጠጡ። እማዬ የግፊት ኪኒን ስለምትወስድ ሐኪሟን ጠይቀን ከመድኃኒቷ ሰዓት አራርቀነዋል፣ መድኃኒት ያለባችሁ እባካችሁ ጠይቁ።

ለፋሲካ ድፎ ዳቦው ላይ ልሞክር ነው፣ ውሃ ስለሚመጥ ሊጡን ቀጠን ላርገው ወይስ እንደወትሮው? የሞከራችሁ ንገሩኝ።