ሠዓሊ ከመፈለጋችሁ በፊት 8 ወረቀት እጠፉ

ይህን የምጽፈው ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። የልጆች መጽሐፍ መጻፍ ስጀምር ማወቅ የነበረብኝ ነገር በሙሉ ኢንተርኔት ላይ ነበር። አብዛኛው በነፃ ነው። እኔ ግን ያገኘሁት ገንዘቤም ጊዜዬም ከሄደ በኋላ ነው። ስለዚህ ቀላል ቀላሉን ቶሎ ቶሎ ብዬ አልፈዋለሁ፤ የተቃጠልኩበትን ግን አንድም ሳላስቀር እነግራችኋለሁ።

ከማንበብ ጀምሩ። ስቶሪዊቨር የሚባል ድረ ገጽ አለ፤ የህንዱ የልጆች መጻሕፍት አሳታሚ ፕራታም ቡክስ እ.ኤ.አ. በ2015 የከፈተው ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሥዕላዊ የልጆች ታሪኮች በንባብ ደረጃ ተከፋፍለው ተቀምጠውበታል። አፍሪካን ስቶሪቡክም እንደዚሁ ነው፣ አማርኛም አለው። እኔን በጣም የጠቀመኝ አነባበብ እንዲህ ነው። አንድ ታሪክ እከፍትና ጽሑፉን ብቻ ገጽ በገጽ ደብተር ላይ እገለብጣለሁ። ከዚያ ሥዕሉን ሳላይ የገለበጥኩትን አነበዋለሁ። ጥሩ ከሆኑት ታሪኮች አብዛኞቹ እንዲህ ሲነበቡ ጎደሎ ናቸው። ጽሑፉ "እናቷ ሳቀች" ይላል፤ ለምን እንደሳቀች የሚታወቀው ሥዕሉ ሲታይ ነው። ይህን በ10 ታሪክ ላይ ብትሞክሩት ከከፈልኩባቸው ኮርሶች ሁሉ የበለጠ ትማሩበታላችሁ።

የመጀመሪያ ረቂቄ 1,400 ቃላት ነበር። ለትንንሽ ልጆች የሚዘጋጅ የሥዕል መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ 500 ቃላት አካባቢ ነው፣ ከዚያም ያነሰ አለ። የእኔ ረቂቅ የልጅቷን ቀሚስ ቀለም፣ የፀጉሯን አሠራር፣ የዛፉን ቁመት ሁሉ ይዘረዝር ነበር። ይህ ሁሉ የሠዓሊው ሥራ ነው። ስቶሪዊቨር ላይ ስገለብጥ ከከረምኩ በኋላ ግማሹን ያለምንም ጸጸት ቆረጥኩት።

ሐሳብ ለሚያጥራችሁ ስቶሪስቶርምን ፈልጉ። ታራ ላዛር የተባለች የልጆች መጻሕፍት ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረችው ነው፤ ያኔ ስሙ ሌላ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው፤ በአንድ ወር ውስጥ 30 የታሪክ ሐሳብ ትጽፋላችሁ። መጥፎም ቢሆን ይጻፍ። ወደ ታች የምነግራችሁ የኤሊዋ ታሪክ የመጣልኝ በዚህ መንገድ ነው፣ 22ኛው ሐሳብ ላይ። የመጀመሪያዎቹ 20 ሌላም ሰው የሚያስባቸው ዓይነት ነበሩ።

ለሥራው መሣሪያ ብዙ አትጨነቁ። ብሉም የሚባለው፣ ኤስ አይ ኤል የተባለ የቋንቋ ድርጅት ያዘጋጀው ሶፍትዌር በነፃ ይወርዳል፣ መጽሐፉን ገጽ በገጽ ለማቀናበር ይሆናል። ፎንት ከፈለጋችሁ አቢሲኒካና ኖቶ ኢትዮፒክ ነፃ ናቸው። ፊደሉን ግን አታሳንሱት። ገና ማንበብ ለሚለማመድ ልጅ "ሉ" እና "ሊ" የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ነው፤ ፊደሉ ካነሰ ጭረቷ አትታየውም።

የሕፃናት መጻሕፍት ደራስያንና ሠዓልያን ማኅበር፣ በምሕጻሩ ኤስሲቢደብልዩአይ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የተቋቋመ ትልቅ ማኅበር ነው። ብዙ መመሪያ መጀመሪያ አባል ሁኑ ይላል። እኔ አልስማማም። አንድ ያለቀ ረቂቅ ሳይኖራችሁ ለአባልነት አትክፈሉ። ረቂቁ ሲኖር ግን እርስ በርስ የሚተራረሙ ጸሐፊዎችን ለማግኘት ደኅና ቦታ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ታሪኬ ስለ አንዲት ልጅና ዝናብ አይታ ስለማታውቅ ኤሊ ነበር። ረቂቁን ሦስት ጊዜ ጽፌ አለቀ አልኩ። በሄድኩበት ሁሉ የማነበው ምክር የልጆችን መጽሐፍ የሚሸጠው ሥዕሉ ነው የሚል ስለነበር በቀጥታ ሠዓሊ ፍለጋ ገባሁ። ደራሲን ከሠዓሊ የሚያገናኝ አንድ ድርጅት ኢንተርኔት ላይ አገኘሁ። ናሙናዎቹ ያምራሉ። የድረ ገጹ ፊተኛ ገጽ ላይ በትልቁ "ለመጽሐፍዎ ሥዕል" ይላል። ታሪኩን ላክሁላቸው። 14 ሥዕል እንሠራለን፣ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ሲያልቅ ይከፍላሉ አሉኝ። ውሉ ረጅም ነበር። ወደ ታች ወርጄ "ተስማምቻለሁ" የምትለዋን ሳጥን ነካሁ። ያን ቀን አንድ ሰዓት ተቀምጬ ባነበው ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

ሥዕሎቹ ከሁለት ወር በኋላ መጡ። ስልኬ ላይ ከፍቼ ሳያቸው እንባዬ መጣ። ለማውቀው ሰው ሁሉ አሳየሁ። ቀሪውን ክፍያም በዚያው ቀን ላክሁ። ችግሩ የታየኝ ሥዕሎቹን ከጽሑፉ ጋር ገጽ ላይ ለማስቀመጥ ስሞክር ነው።

ታሪኩ ውስጥ ልጅቷ ኤሊዋን ስትፈልግ "ከድንጋዩ ጀርባ ማን አለ?" ብላ የምትጠይቅበት ቦታ አለ። የሚያዳምጠው ልጅ ትንፋሹን ውጦ ገጹን እንዲገልጥ የፈለግኩት እዚያ ጋ ነው። ሥዕሎቹን በቅደም ተከተል ስደረድር ጥያቄው ግራ ገጽ ላይ ወደቀ። መልሱ፣ ማለትም ኤሊዋ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ ፊት ለፊቱ ቀኝ ገጽ ላይ ሆነ። ልጁ ጥያቄውን ከመስማቱ በፊት መልሱን ያየዋል። የታሪኩ ነፍስ እዚያ ጋ ወጣች። አንድ ገጽ ወደፊት ልግፋው ብል ደግሞ በሁለት ገጽ ላይ የተዘረጋው ትልቁ የዝናብ ሥዕል ይከፈላል፤ ግማሹ ከወረቀቱ ፊት፣ ግማሹ ከጀርባ ይሆናል። ያ የዝናብ ሥዕል ራሱ ሌላ ጣጣ ነበረው። የልጅቷ ፊት የተሣለው ልክ የመጽሐፉ መታጠፊያ ላይ ነው። ሲጠረዝ አፍንጫዋ ወደ ውስጥ ይገባል። ሰማዩ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር በዝናብ ጠብታ ስለተሞላ ጽሑፍ የምታስቀምጡበት አንዲት ባዶ ቦታ የለም።

ይህ ሁሉ የሠዓሊው ጥፋት አይደለም። ሠዓሊው ታሪኩ በስንት ገጽ እንደሚቆም፣ የቱ ገጽ ቀኝ የቱ ግራ እንደሆነ ከእኔ አልተነገረውም። እኔም አላውቀውም ነበር።

መጠኑን ስመለከት ደግሞ ባሰ። ጥራት ላለው ኅትመት ሥዕል በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ማለትም ፒክስል፣ ያስፈልገዋል። ያሰብኩት ገጽ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ስላለው ሥዕሉ ወደ 2,360 ፒክስል መሆን ነበረበት። የመጡልኝ 1,000 ፒክስል ናቸው። በደንብ ይታተሙ ከተባለ ከ8 ሴንቲ ሜትር ተኩል አያልፉም። ሥዕሉ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ የሚሄድ ከሆነ በየዳሩ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ትርፍ ይተውለታል፣ ማተሚያ ቤቱ ሲቆርጠው ነጭ መስመር እንዳይቀር። የእኔዎቹ ትርፍ የላቸውም። የኤሊዋ እግሮች የሥዕሉ ጠርዝ ላይ ስለነበሩ ከቁርጥራጩ ጋር ሊሄዱ ነው።

ለድርጅቱ ጻፍኩ። ትልቁን ፋይል ላኩልኝ አልኩ። ከአራት ቀን በኋላ መልስ መጣ። በውሉ መሠረት የተሰጠኝ ፈቃድ ለስክሪን ብቻ ነው፤ ለኅትመት ሌላ ፈቃድ በሌላ ክፍያ መግዛት አለብኝ፤ የሥዕሎቹ ባለቤት ድርጅቱ ነው። ደግሜ ጻፍኩ። በሌላ ሰው ስም ያው ዓረፍተ ነገር መጣ። ስድስት ኢሜይል ላክሁ፣ ስድስት ጊዜ ያንኑ መለሱልኝ፣ በስድስተኛው ላይ "ውሉን አንብበው ተስማምተዋል" የምትል ጨመሩበት። መስማማቴ እውነት ነው። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ግን ፊታችሁ ላይ "ለመጽሐፍዎ" ብላችሁ ጽፋችሁ፣ አንቀጽ 11 ላይ ደግሞ መጽሐፍ አታትሙበት ማለት ምን የሚሉት ነው? እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ስለ በርን ስምምነት ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1886 የተፈረመ ስምምነት ነው። በእሱ መሠረት የቅጂ መብት ሥራው ሲፈጠር ያለ ምንም ምዝገባ ከፈጣሪው ጋር ይወለዳል። ገንዘብ ስለከፈላችሁ ብቻ መብቱ የእናንተ አይሆንም። ምን እንደገዛችሁ የሚወስነው ወረቀቱ ነው። ስለዚህ ከሠዓሊ ጋር ስትዋዋሉ ለኅትመትም ለስክሪንም መሆኑ፣ በየትኛውም ቋንቋና አገር መሆኑ፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ ማረም እንደምትችሉ፣ የፋይሉ መጠን በፒክስል፣ ሥራው መሃል ላይ ቢቋረጥ ማን ለማን ምን እንደሚከፍል በግልጽ ይጻፍ። ሁለት ገጽ ይበቃል። ከሁለት ገጽ በላይ ከሆነ ደግሞ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። እኔ አሁን እንደዚያ ነው የማደርገው፤ ዓይን የሚዘለውን ጆሮ ይይዘዋል።

ራይተር ቢዌር የሚባለውን ድረ ገጽም ያኔ ነው ያገኘሁት። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ጸሐፊዎችን ከአጭበርባሪ አሳታሚዎች፣ ወኪሎችና አገልግሎት ሰጪዎች ሲያስጠነቅቅ የኖረ ነው፣ በነፃ። ማንኛውንም ነገር ከመፈረማችሁ በፊት የድርጅቱን ስም እዚያ ፈልጉት። ስሙ ባይገኝ እንኳን የሌሎቹን ታሪክ ስታነቡ አካሄዳቸውን ትለዩታላችሁ። ጸሐፊዎች መሃል የሚባል አንድ ሕግ አለ፦ ገንዘብ ወደ ደራሲው ነው የሚፈስሰው። አሳታሚ ነኝ የሚል ሰው ክፈሉኝ ካላችሁ አሳታሚ አይደለም።

ሌላም ያበሳጨኝ ነገር አለ። ጽሑፉን ለአሳታሚ የምትልኩ ከሆነ ሠዓሊ መፈለግ ጭራሽ አያስፈልግም። አብዛኛውን ጊዜ አሳታሚዎች ሠዓሊውን ራሳቸው ይመርጣሉ፣ ይከፍሉታልም። ሠዓሊ መቅጠር ያለበት በራሱ ወጪ የሚያሳትም ብቻ ነው። ይህ በብዙ አሳታሚዎች የአላላክ መመሪያ ላይ ተጽፏል። አንድም መመሪያ ከፍቼ ሳላነብ ነው ያን ሁሉ የከፈልኩት።

ቀድሜ ማድረግ የነበረብኝ ነገር ወጪው 8 ወረቀት ነው። 8 ወረቀት ደራርባችሁ መሃል ላይ ስታጥፉ 32 ገጽ ይሆናል። አብዛኞቹ የሥዕል መጻሕፍት 32 ገጽ የሆኑት ትልቁ የማተሚያ ወረቀት ሲታጠፍ በ8 ወይም በ16 ገጽ ስለሚመጣ ነው። ከፊት ለርዕስና ለኅትመት መረጃ የሚሆኑትን ቀንሱ፤ ለታሪኩ 12 ወይም 14 ጥንድ ገጽ ይቀራል። ጽሑፉን በመቀስ እየቆረጣችሁ በየገጹ ለጥፉ። ሥዕል መሣል ባትችሉም ክብና ዱላ ሣሉ። ዳሚ ይባላል። ምንም ሶፍትዌር አይተካውም፣ ምክንያቱም ገጹን በእጃችሁ መግለጥ አለባችሁ። እኔ የኤሊዋን ታሪክ በዚህ መንገድ ስሠራው ከ14ቱ ትዕይንት 5ቱ ልጅቷ ቆማ የምታወራባቸው ብቻ እንደሆኑ አየሁ። ለአምስት ተመሳሳይ ሥዕል ከፍዬ ነበር ማለት ነው።

ሥዕል ከጽሑፍ ጋር እንዴት እንደሚሄድ ለመለማመድ ከፈለጋችሁ ስቶሪዊቨር ላይ የሥዕል ክምችት አለ። ሠዓሊዎቹ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ የለቀቋቸው ስለሆኑ ስማቸውን ጠቅሳችሁ በራሳችሁ ታሪክ ልትጠቀሙባቸው ትችላላችሁ። ሁለት ታሪክ እንደዚያ ሠርቻለሁ። ግን ልብ በሉ፤ እዚያ የምታወጡት የራሳችሁ ጽሑፍም በዚያው ክፍት ፈቃድ ይለቀቃል። አንዴ ከተለቀቀ ፈቃዱን መልሳችሁ መውሰድ አትችሉም። ለአሳታሚ ልትልኩት የምትፈልጉትን ታሪክ እዚያ አትለማመዱበት።

ብዙ ቦታ ከመጽሐፉ በፊት ተከታይ አፍሩ ይላሉ። አትስሙ። እኔ ስድስት ወር ፖስት ሳደርግ ከረምኩ፣ በዚያ ስድስት ወር አንድ ዓረፍተ ነገር አላረምኩም። ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው የሚለውንም ምክር በግማሹ ነው የምቀበለው። ልጆቻችሁ ይወዷችኋል፣ የምታነቡትንም ይወዱታል። እናንተም ስታነቡ ጽሑፉ ላይ የሌለውን በድምፃችሁ ትሞሉታላችሁ። ዳሚውን ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ስጡት። እሱ ለሌላ ልጅ ያንብብ። እናንተ ጥግ ይዛችሁ ዝም በሉ፣ የልጁን እጅ ብቻ ተመልከቱ።

ያን 14 ሥዕል ትቼዋለሁ። የኅትመቱን ፈቃድ አልገዛሁም፤ ብገዛውም ጥያቄና መልሱ ፊት ለፊት ናቸው። የኤሊዋ አምስተኛ ዳሚ 380 ቃላት ነው። "ከድንጋዩ ጀርባ ማን አለ?" ገጽ 17 ላይ ናት፣ በቀኝ በኩል። ባለፈው አንድ ወዳጄ ለአምስት ዓመት ልጅ ሲያነብላት ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር። ገና "ማን" ሲል ጣቷ የገጹ ጫፍ ላይ ደርሷል። አዲሷን ሠዓሊ ያነጋገርኳት ከዚያ በኋላ ነው። ውሉ ሁለት ገጽ ነው፤ ሁለታችንም ጮክ ብለን አንብበነዋል።