ኢዮጴ ላይ የታሰረችው ልዕልት

እኔ የማስጎበኛቸው የኢየሩሳሌም ተሳላሚዎች ጉዟቸውን የሚጨርሱት በመጽሐፍ ቅዱስ ኢዮጴ በምትባለው በያፎ ነው። አውሮፕላናቸው ሌሊት ስለሚነሣ ቀኑን የሚያሳልፉበት ቦታ ያስፈልጋቸዋል፤ ያፎ ደግሞ ከቤን ጉሪዮን አየር ማረፊያ ብዙ አትርቅም። በቢሮው ወረቀት ላይ ቀኑ «ያፎና የቴል አቪቭ ባሕር ዳርቻ፣ ሰፊ ቆይታ» ተብሎ ይጻፍ እንጂ ሰፊው ቆይታ ለመታሰቢያ ዕቃ መሸጫው እንደ ሆነ፣ ኮሚሽኑም ወዴት እንደሚሄድ፣ ሹፌሩም እኔም እናውቃለን።

አንድ የፋሲካ ሰሞን የፕሮግራም ኃላፊያችን ሥራዬን ለመገምገም አብሮን ወጣ። ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ገና ሳንነሣ መመሪያውን ደገመልኝ፦ «ለተሳላሚ ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጪ የሆነ ነገር አይነገርም፤ የሰዓት ማማውንም አውቶቡስ ውስጥ ሆነህ ጨርሰው።» ማማው ለኦቶማኑ ሱልጣን ለዳግማዊ አብዱል ሐሚድ የንግሥና 25ኛ ዓመት መታሰቢያ የተሠራ ነው፤ አደባባዩ ላይም አውቶቡስ እንደ ልብ ማቆም ስለማይቻል በዚህስ አልተከራከርኩም። ስለ ባሕሩ ባንዲራዎች፣ ማለትም ነጩ ለመዋኘት ፈቃድ፣ ቀዩ አደጋ፣ ጥቁሩ ፈጽሞ ክልክል መሆኑን ስነግራቸው ዝም ብሎ አዳመጠ። ባንዲራ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ ብሎ እንደ ሆነ እንጃ።

ከአውቶቡስ ወርደን በእግር ጀመርን። በመንገዳችን ላይ ኢላና ጉር የተባለች ቀራፂ የሠራችው፣ አፉን ገጥሞ ፈገግ የሚል የዓሣ አንበሪ ሐውልት አለ። ነጠላቸውን አጣፍተው በምርኩዝ ከሁሉ ኋላ የሚሄዱት እማማ ከፊቱ ቆመው ከላይ እስከ ታች ካዩት በኋላ «ነቢይ ውጦ ይስቃል?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ኃላፊው ሰዓቱን አየ። የቅዱስ ጴጥሮስን ቤተ ክርስቲያን ተሳልመን ወደ ቁርበት ፋቂው ስምዖን ቤት ወረድን፤ ቦታው የግል ይዞታ ስለ ሆነ በሩ ዝግ ነውና ተሳላሚው ደጃፉን ስሞ፣ የጣቢታን ከሞት መነሣት በዚያው ሰምቶ ይመለሳል። ከዚያም ኮረብታው ላይ ወዳለው መናፈሻ ወጥተን ከአልማ ጀምሮ ወደ ሰሜን የተዘረጋውን የቴል አቪቭ ባሕር ዳርቻ፣ የመርከብ መቆሚያውን፣ ዮናስም ወደ ተርሴስ ለመኮብለል መርከብ ያገኘው በዚሁ በኢዮጴ መሆኑን አሳየኋቸው።

ነገሩ የተጀመረው ከዋሽንግተን የመጣ አንድ ወጣት ከወደቡ ፊት ለፊት ከውኃው ብቅ ያሉትን ጥቁር ዐለቶች አይቶ ምን እንደ ሆኑ ሲጠይቀኝ ነው። ተሳላሚ ሲጠይቅ የማይመልስ አስጎብኚ ፈቃዱን ለቱሪዝም ሚኒስቴር ቢመልስ ይሻላል። ስለዚህ ግሪኮች አንድሮሜዳ የሚሏት ልዕልት እዚያ ታስራ ነበር ብለው እንደሚተርኩ፣ አባቷ ኬፌዎስ የኢትዮጵያ ንጉሥ እንደ ነበር፣ እናቷ ካሲዮፔያ በውበት ከባሕር እመቤቶች እበልጣለሁ ብላ በመመካቷ የባሕር አውሬ እንደ ተላከባቸው፣ ልጅቷም ለአውሬው መማለጃ እንድትሆን እንደ ተሰጠች፣ በመጨረሻም ፔርሴዎስ የተባለ ጀግና አውሬውን ገድሎ እንዳዳናት ነገርኳቸው። የግሪኮቹ ኢትዮጵያ በትክክል የዛሬዋ ናት ማለት እንዳልሆነም፣ የመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፈስ የሰንሰለቷ ምልክት በእርሱ ዘመን ይታይ እንደ ነበር መጻፉንም ጨመርኩ።

«የኛ ልጅ ናት?» አሉ እማማ።

«እንደ ተረቱ አዎ፣ እማማ።»

«እናትየዋ አፏን ከፍታ ልጅቷ ታሰረች?»

ኃላፊው ጣልቃ ገባ። «እማማ፣ ይሄ የአረማውያን ተረት ነው። እዚህ የመጣነው ስለ ነቢዩ ዮናስ ነው።»

እማማ ወደ እርሱ ዞር እንኳ ሳይሉ «ዮናስማ ታዝዞ እንቢ ብሎ ነው እዚህ የመጣው» አሉ። «እሷ ምን አጠፋች?»

በሥራዬ ብዙ ዓይነት ጸጥታ አይቻለሁ፤ የዚያን ጊዜው ግን ሰው ሁሉ ካህኑን የሚያይበት ነበር። አብረዋቸው የመጡት አባት ጢማቸውን እየዳበሱ «እማማ እውነታቸውን ነው፤ ነቢዩ ኮብልሎ ነው» አሉ። ያኔ እማማ ድል እንዳደረጉ ገባቸውና «ታዲያ ይህች ብሩታዊት አይደለችም እንዴ? ፈረሱ የታለ?» ብለው ቀጠሉ። በሥዕለ ጊዮርጊስ ላይ ዛፍ ላይ ሆና የምትታየውን ልጅ ያላየ ተሳላሚ የለምና ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ። አባትም በትዕግሥት ብሩታዊት የቤይሩት ልጅ መሆኗን፣ ሰማዕቱ ደግሞ ከአየር ማረፊያው አጠገብ ባለችው በልዳ እንደሚታሰብ፣ ሁለቱ ታሪኮች እንደማይቀላቀሉ አስረዱ። ከእኔ ማብራሪያ የእርሳቸው ይረዝም ነበር። ኃላፊው ግን በማስታወሻው ላይ የጻፈው በእኔ ስም ነው።

ከዚያ ወደ ባሕሩ ወረድን። ሴቶቹ ብቻቸውን ቢሆኑ ኖርዳው ወዳለው፣ በግንብ ታጥሮ ለወንድና ለሴት ቀን ወደ ተለየበት ዳርቻ እወስዳቸው ነበር፤ ጎርደንና ፍሪሽማን የተባሉት ዳርቻዎች ለነጠላ ለባሽ አይሆኑም። የያፎ ሴቶች ከነልብሳቸው ወደሚገቡበት ወደ ቻርልስ ክሎር መናፈሻ ወሰድኳቸውና ቀሚሳቸውን ሰብስበው እስከ ጉልበታቸው ገቡ፤ አንዳንዱም ሃይላንዱን ሞልቶ አወጣ። ማንም ለመውጣት ስላልቸኮለ መታሰቢያ ዕቃ መሸጫው ጋ የደረስነው ሊዘጋ ሲል ነው።

ግምገማው ሲመጣ «ከተሰጠው ፕሮግራም በመውጣት ተረት በመናገሩ በተሳላሚዎች ላይ ሃይማኖታዊ መደናገር ፈጥሯል» ይላል። ስለ መሸጫው አንድም ቃል የለውም፤ መነሻው ግን እርሱ እንደ ሆነ ለማወቅ ብዙ መመራመር አላስፈለገኝም። ትምህርት ከተባለ የወሰድኩት ይህን ነው፦ አለቃ አብሮ ሲሄድ ዐለት ባታይ ይሻላል።

በሚቀጥለው ዓመት የድርጅቱ አዲስ ብሮሸር ወጣ። ገጹን ግማሽ የያዘ የዐለቱ ባለቀለም ፎቶ፣ ከሥሩ «በኢትዮጵያዊቷ ልዕልት በብሩታዊት ዐለት ፊት ለፊት የባሕር ዳርቻ ጉብኝት፣ በተጨማሪ ክፍያ» የሚል ጽሑፍ አለው። ከዚያ ወዲህ ብሮሸሩን ይዞ የሚመጣ ካህን ሁሉ ዐለቱ ጋ ስንደርስ ይህን ስሕተት ከየት እንዳመጣሁት የሚጠይቀው እኔን ነው። ኃላፊውን ብሮሸሩ ይታረም ብዬ ጠይቄው ነበር። «ሰው ወዶታል» አለኝ፤ «ደግሞስ ያመጣኸው አንተ አይደለህ?»