የደረጃው ድምፅ

ቅዳሜ የእህቴን ልጅ ይዤ ጅሬን ወጣሁ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከጅማ መሀል ከተማ ቢርቅ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እዚሁ ተወልጄ አድጌ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት በተማሪነቴ መሆኑ ያሳፍራል። ለልጁ ዳግማዊ አባ ጅፋር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1878 ነግሠው እስኪያርፉ ድረስ፣ እስከ 1932፣ በዙፋን እንደቆዩ ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ብዙም አላወራንም። ስልኬን አወጣሁ።

ማታ እማዬ ቡና እያፈላች “እስኪ አጫውተኝ፤ ምን አያችሁ?” አለችኝ። ጉልበቷን ስለሚያማት ከእኛ ጋር አልወጣችም። ለመናገር አፌን ከፈትኩና የምለው አጣሁ። እንጨት። ሰገነት። ከኮረብታው ቁልቁል የሚታይ ከተማ። ይህንን ጅማን ረግጦ የማያውቅ ሰውም ይለዋል። “ቆይ፣ ፎቶውን ላሳይሽ” ብዬ ስልኩን ሰጠኋት። 214 ፎቶ!

እማዬ እንደ እኛ ቶሎ ቶሎ አታሳልፍም። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ፎቶ ላይ ቆመች፤ ልጁ ባስተማራት መሠረት በሁለት ጣቷ አጎላችው፤ እዚያው ቀረች። አቦሉ ተቀድቶ ሲኒዬ ቀዘቀዘ። “ይቺን በርጩማ አየሃት?” አለችኝ። ከምሰሶው ጀርባ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች ባለ ሦስት እግር በርጩማ አለች። መቀመጫዋ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ በርጩማዋን ግን አላየኋትም።

ሊንዳ ሄንከል የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ2014 ያሳተሙት ጥናት ትዝ አለኝ። ተማሪዎችን ሙዚየም አስጎብኝተው አንዳንዱን ዕቃ ፎቶ እንዲያነሱ፣ ሌላውን ዝም ብለው እንዲያዩ አደረጉ። በማግስቱ ሲፈተኑ በዓይናቸው ብቻ ያዩትን ፎቶ ካነሱት አብልጠው አስታወሱ። የሚገርመው፣ የዕቃውን አንድ ክፍል አጉልተው ላነሱት ግን ትውስታቸው አልተጎዳም። ያኔ ሳነበው የሌላ ሰው ችግር መስሎኝ ነበር።

ድሮ አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ቢይዝ ነው፤ ማሳጠቢያውም ገንዘብ ነው። ስለዚህ ሰው ከማንሳቱ በፊት ያያል፣ ይመርጣል። እኔ የማነሳው በኋላ ላየው ነው። ያ “በኋላ” ደግሞ እስከ ዛሬ መጥቶ አያውቅም። እርግጥ ስልኩ ባይኖር እማዬም በርጩማዋን አታያትም ነበር፤ ይህንን ሳልናገር ባልፍ ስልኬን መበደል ይሆንብኛል።

ቶናው ላይ ሌላ ጥያቄ አመጣች። “ደረጃው ሲረግጡት አሁንም ይጮኻል?” እሷ የወጣችው በልጅነቷ፣ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ነው፤ መምህራቸው እንዳይጮህ በእግር ጣታችሁ ውጡ ብሏቸው፣ ሁሉም ሳቃቸውን አፍነው።

“ይጮኻል” አልኳት።

ዋሽቼ ነው። ስትተኛ ጠብቄ፣ ደረጃውን ስንወጣ የቀረጽኩትን ቪዲዮ ከፈትኩና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ሦስት ጊዜ አዳመጥኩት። የሚሰማው የእኔ ድምፅ ብቻ ነው፦ “ና፣ እዚህ ቁም። ወደዚህ ዙር። ሳቅ እንጂ።”